የሐኪም ቪታልየን ዱካ

ጆሴፍ ቪታልየን የካሪቢያን ደሴት በሆነችው በጓድሎፕ የተወለደ፣ ሐረር ላይ የራስ መኮንንን ሆስፒታል የመራ፣ በኋላም የዳግማዊ ምኒልክ የግል ሐኪም የነበረ ጥቁር ፈረንሳዊ ነው። ስሙ በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል፤ ብቅ ሲል ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ስለ በሽታና መድኃኒት አይደለም። የሚከተለው ምልልስ ወልቂጤ ላይ በሁለት ሰዎች መካከል የተደረገ ነው። አንደኛዋ የታሪክ ሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ናት፤ ሌላው በቸሃ ገጠር ክሊኒኮች ዘመናቸውን በድሬሰርነት ያሳለፉ ጡረተኛ አጎቷ ናቸው።

አጎት፦ የንጉሥ ሐኪም ሆኖ እንዴት ሳይታወቅ ይቀራል? ንጉሡን የዳሰሰ እጅ እኮ ነው።

ተማሪ፦ የሥራው ጠባይ ነው ጋሼ። በጅሮንዱ፣ አጋፋሪው፣ ጸሐፌ ትእዛዙ በሹመት የሚታወቁ ናቸው፤ አንዱ ሲሻር ሌላው ይተካል፣ ስሙም ይጻፋል። ሐኪም እንዲህ ያለ ተራ አልነበረውም። ቤተ መንግሥቱ እንደ ማንኛውም ቤት ለአንጀት ትል ኮሶ ይጠጣል፣ ለስብራት ወጌሻ ይጠራል፣ ለሌላው ዕፀ ደብዳቤ የሚያውቅ ደብተራ ያማክራል። ከውጭ የመጣ ሐኪም ሲገኝ ደግሞ እንግዳ ነው። ያክማል፣ ይሸለማል፣ ይሄዳል። ዜና መዋዕል ጸሐፊው ዘመቻና ሹመት ይመዘግባል እንጂ ንጉሡ ምን ያህል ትኩሳት እንደነበራቸው አይጽፍም። የንጉሥ ሕመም ምስጢር ነው፤ ሐኪሙም ከምስጢሩ ጋር አብሮ ይደበቃል።

አጎት፦ ካርድ የለም በይኛ። በእኛ ጊዜ የገጠር ክሊኒክ እንኳ ካርድ ያወጣል። ሰውየው ቢሞትም ካርዱ ሣጥን ውስጥ ይገኛል።

ተማሪ፦ ካርድ የለም። ስለዚህ የንጉሥ ሐኪምን ሕይወት የሚያጠና ሰው በሐኪምነቱ ሳይሆን በሌላ ሥራው ነው የሚያገኘው። ይህ ለቪታልየን ብቻ የሚሠራ አይደለም። ከእሱ ሁለት መቶ ዓመት ቀድሞ የነበረው ሻርል ፖንሴም ያው ነው። ቀዳማዊ ኢያሱ ሐጂ አሊ የተባለ ነጋዴያቸውን ወደ ካይሮ ሲልኩ ሐኪም ፈልጎ እንዲያመጣ አዘዙት። ካይሮ ይኖር የነበረው ፖንሴ በ1698 እ.ኤ.አ. ተነሥቶ በስናር በኩል አድርጎ በሐምሌ 1699 እ.ኤ.አ. ጎንደር ገባ። ደ ብረቭዳን የሚባል ኢየሱሳዊ ቄስ አሽከር መስሎ አብሮት ወጥቶ ነበር፤ ጎንደርን ሳያያት መንገድ ላይ ሞተ። ፖንሴ አክሞ ሲጨርስ በ1700 እ.ኤ.አ. በምጽዋ በኩል ተመለሰ፣ የጉዞ መጽሐፍም ጻፈ። ካይሮ የነበረው የፈረንሳይ ቆንስል ዴ ማዬ ግን ስሙን ሲያጠፋ ኖረ።

አጎት፦ በምን ተጣሉ?

ተማሪ፦ ነገሩ ሕክምና ሳይሆን ፖለቲካ ነበር። ወደ ኢትዮጵያ የሚሄደውን መልእክት ማን ይምራ፣ ከፖንሴ ጋር የመጣው ሙራድ የተባለ አርመናዊ እውነተኛ የንጉሥ መልእክተኛ ነው ወይስ አይደለም የሚል ክርክር ነው። ዛሬ ስለ ፖንሴ ለማወቅ የሚረዳው አብዛኛው ወረቀት የተገኘው ከዚህ ጠብ ነው። ሰባ ዓመት ቆይቶ ጎንደር የደረሰው ጄምስ ብሩስ ለፖንሴ ጥብቅና የቆመው መድኃኒቱን መርምሮ አይደለም። አገሩንና መንገዱን አይቶ፣ ይህ ሰው በእርግጥ እዚህ ነበር ብሎ ነው። ጠላት ያላፈራ ሐኪም ለታሪክ ጸሐፊ ይከብዳል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አጎት፦ ወደ ጓድሎፑ ሰውዬ እንመለስ። ከየት ይጀመራል?

ተማሪ፦ ከስሙ። «ቨ» የሚለው ፊደል ለባዕድ ድምፅ ሲባል ዘግይቶ የመጣ ነው። የምኒልክ ዘመን ጸሐፊ የፈረንሳዩን «ቪ» በ«ቢ» ሊጽፈው ይችላል፤ መጨረሻውንም እንደሰማው ነው የሚያስቀምጠው። ስለዚህ የድሮ ወረቀት የሚያገላብጥ ሰው ቪታልየንን ብቻ ቢፈልግ ያልፈዋል። ቢታልየን፣ ቪታሊያን፣ ዊታልየን ብሎም መፈለግ አለበት። ማዕረጉም እንደዚያው ነው። ፈረንሳይኛ ተናጋሪ የሆነ ፈረንጅ ሁሉ «ሙሴ» ይባል ነበር፣ ሙሴ ኢልግ፣ ሙሴ ሸፍኔ እንደሚባለው፤ ሐኪም ሲሆን ደግሞ ስሙ ተትቶ «ሐኪሙ» ብቻ ሊባል ይችላል። ሌላ መዘዝም አለው። በጥድፊያ ለሚያነብ ዓይን ቢታልየን «ኢጣልያን» ይመስላል።

አጎት፦ እሱማ በሐኪም ጽሑፍም ያለ ነው። የሐኪም እጅ ጽሑፍ አንብቦ መድኃኒት የሰጠ ሰው ይህን ፈተና ያውቀዋል። አንድ ፊደል ስቶ ሌላ ብልቃጥ ማውረድ ነው።

ተማሪ፦ ከስሙ ቀጥሎ የሚያሳስተው ቀን ነው። ቪታልየን ከምኒልክ የተቀበለው ትልቁ ሰነድ በፈረንጆች ጃንዋሪ 30 ቀን 1908 ይላል። ብዙ ሰው በልምድ ይቆጥራል። ጥምቀት ጃንዋሪ 19 ስለሚውል ጥር 21 ማለት 29 ነው፣ እንግዲህ 30 ጥር 22 ነው ይላል። 1899 ዓ.ም. ግን ጳጉሜን ስድስት የሆነችበት ዓመት ነው። የ1900 እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 ዋለ፣ ጥምቀትም ጃንዋሪ 20 ሆነ። ትክክለኛው ቀን ጥር 21 ቀን 1900 ዓ.ም. ነው።

አጎት፦ ጥር 21 አስተርእዮ ማርያም አይደለችም እንዴ? በንግሥ ቀን ውል ይፈርማሉ?

ተማሪ፦ ጥያቄው ራሱ የሚመጣው ቀኑ በትክክል ሲቆጠር ነው። የተጻፈበት ቀንና ማኅተም ያረፈበት ቀን ይለያዩ ይሆን፣ ቀኑስ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ተቆርጦ በኋላ ወደ ሐበሻው ተመልሶ ይሆን ብሎ የአማርኛውን ቅጂ ማየት ያስፈልጋል። ከ1900 እ.ኤ.አ. በፊት ላለ ሰነድ ደግሞ ልዩነቱ በአንድ ቀን ያንሳል። የአድዋ ድል የካቲት 23 ቀን ዛሬ የሚከበረው ማርች 2 ላይ ነው፤ በ1896 እ.ኤ.አ. ግን የዋለው ማርች 1 ነበር። የቪታልየን ዘመን ከክፍለ ዘመኑ መገጣጠሚያ ላይ ስለወደቀ አንድ ሕግ ይዞ ሁለቱንም ወገን መቁጠር አይቻልም።

አጎት፦ ይሁን። ሐረር ላይስ ምን ሠራ?

ተማሪ፦ በራስ መኮንን ሆስፒታል ሐኪም ነበር። ዘመኑ ዘመናዊ ሕክምና ከመልእክተኛ ጋር አብሮ የሚገባበት ነው። ከአድዋ በኋላ የሩስያ ቀይ መስቀል መጥቶ ቁስለኛ አከመ፤ ቀጥሎም ሩስያውያኑ አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታል ከፍተው እስከ 1906 እ.ኤ.አ. ሠሩ። ሐረር ደግሞ ከጅቡቲ ለሚመጣው ነጋዴና ሰነድ ሁሉ በር ስለሆነች ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ሐኪም እዚያ መገኘቱ አይደንቅም። ስለ ሐረሩ ቪታልየን ግን ከሁሉ የበለጠ የታወቀው ምስክርነት የመጣው ከአንድ ተማሪው ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተባለው መጽሐፋቸው ፈረንሳይኛ ያስጀመራቸው አባታቸው ራስ መኮንን ያዘዙት ይኸው የጓድሎፕ ሐኪም መሆኑን ያነሣሉ። ከእሱ ቀጥሎ አባ ሳሙኤል ወልደ ካህን አስተማሯቸው።

አጎት፦ እዚህም ሐኪም ሳይሆን መምህር ሆኖ ተገኘ።

ተማሪ፦ አዎ። ደግሞም ምስክሩ መቼ እንደተጻፈ መታየት አለበት። ንጉሠ ነገሥቱ ይህን ያስጻፉት በስደት እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ሳሉ ነው፤ ከትምህርቱ ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፎ ነበር። ልጅ የመጀመሪያ አስተማሪውን ስምና አገር አይረሳም፤ ወሩንና ዓመቱን ግን ሊያሳስት ይችላል። ስለዚህ መጽሐፉ ለሰውየውና ለግንኙነቱ ጠንካራ ማስረጃ ነው፣ ለጊዜ ቅደም ተከተሉ ግን ሌላ ደጋፊ ያስፈልገዋል።

አጎት፦ ጥቁር መሆኑስ? ያን ጊዜ ጥቁር ሐኪም ማየት ለሐረር ሰው አዲስ ነገር መሆን አለበት።

ተማሪ፦ ይህ ጥያቄ ሐረርን ብቻ ይዞ አይመለስም። ጓድሎፕ ውስጥ ባርነት የቀረው በ1848 እ.ኤ.አ. ነው። ቪታልየን ሐኪም ሆኖ ኢትዮጵያ ሲደርስ ባሪያ የነበሩ ሰዎች ገና በሕይወት ነበሩ። ነፃ የወጡት የቤተሰብ ስም ተሰጥቷቸው በመዝገብ ስለተጻፉ የደሴቲቱን ሰው የዘር ሐረግ ለሚፈልግ ዛሬ መዝገቦቹ ኤክስ አን ፕሮቫንስ ባለው የፈረንሳይ ባሕር ማዶ ቤተ መዛግብት ይገኛሉ። ከአድዋ በኋላ ከዚያው ባሕር ወደ ምኒልክ የመጣ ሌላም ሰው አለ፤ የሃይቲው ቤኒቶ ሲልቫን። እሱ በ1900 እ.ኤ.አ. ለንደን በተደረገው የመጀመሪያው የፓን አፍሪካ ጉባኤ ላይ የምኒልክ ሰው ሆኖ ተቀምጧል። ሲልቫን ተናጋሪና ጸሐፊ ስለነበረ ዱካው ይበዛል። የቪታልየን ሙያ የዝምታ ነው።

አጎት፦ እስኪ ያ ጥር 21 የተፈረመው ምን እንደሆነ ንገሪኝ። መድኃኒት ቤት ነው?

ተማሪ፦ የባቡር ሐዲድ ነው።

አጎት፦ የምን ባቡር ሐዲድ? ለሐኪም?

ተማሪ፦ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ያለው። ምኒልክ የመጀመሪያውን የባቡር ፈቃድ በ1894 እ.ኤ.አ. ለስዊዘርላንዱ ለአልፍሬድ ኢልግ ሰጥተው ነበር። ሐዲዱ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ደረሰ። ችግሩ የመጣው በዚያው ዓመት ነው። የፈረንሳይ መንግሥት ከኩባንያው ጋር ለብቻው ተዋውሎ በሥራው ላይ ሥልጣን ያዘ። ምኒልክ ይህን ሲሰሙ ሐዲዱ ከድሬዳዋ እንዳያልፍ ያዙት፤ ለግለሰብ የሰጡት ፈቃድ የባዕድ መንግሥት መንገድ ሊሆን ነው ብለው ነው። እንግሊዝና ኢጣሊያም በፈረንሳይ ቀኑ። በ1906 እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ ሦስቱ መንግሥታት ለንደን ላይ ስለ ኢትዮጵያ ሲዋዋሉ ባቡሩ አንዱ ጉዳያቸው ነበር። ኩባንያው በ1907 እ.ኤ.አ. ፈረሰ። ከዚያ በጃንዋሪ 1908 የፈረንሳዩ መልእክተኛ ክሎቡኮቭስኪ የንግድና የወዳጅነት ውል ተፈራረመ፤ በሃያኛው ቀን ደግሞ ሐዲዱን አዲስ አበባ ድረስ የማድረሱ ፈቃድ በዶክተር ቪታልየን ስም ወጣ።

አጎት፦ ጎበዝ! ለመሆኑ ሐኪሙ ሐዲድ ያውቃል?

ተማሪ፦ ማወቅ አይጠበቅበትም ነበር። የሚፈለገው ስሙ ነው። እዚህ ላይ ሦስት አነባበብ አለ፣ ሦስቱም ክብደታቸው እኩል አይደለም። አንደኛው የታካሚና የሐኪም መተማመን ነው። ምኒልክ ከሌጋሲዮን፣ ማለት ከባዕድ መንግሥታት መልእክተኛ ቤት፣ ሰዎች ይልቅ በየጊዜው እጃቸውን የሚይዘውን ሰው ያምኑ ነበር። ሁለተኛው የወረቀት ብልሃት ነው። ፈቃዱ ለፈረንሳይ መንግሥት ሳይሆን ለአንድ የግል ሰው፣ ያውም ለራሳቸው አገልጋይ ተሰጠ ሲባል ለእንግሊዝም ለኢጣሊያም መልስ ይሆናል። ሦስተኛው ሐኪሙ ራሱ ጥቅም አይቶ ገባበት የሚል ነው። ሁለተኛው ይበልጥ ያሳምናል፤ ምክንያቱም ፈቃዱ በቪታልየን እጅ አልቆየም። በዚያው ዓመት በፈረንሳይ ገንዘብ የተቋቋመው የኢትዮ ፈረንሳይ የባቡር ኩባንያ ወሰደው። ስሙ መሻገሪያ ነበር፤ ባለ ገንዘቦቹ ተሻገሩና አለፉ። ሐዲዱ 784 ኪሎ ሜትር ሆኖ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ገባ።

አጎት፦ የተገላቢጦሽ ነው። ታካሚው ለሐኪሙ ማዘዣ ጻፈለት።

ተማሪ፦ ለአጥኚው ግን ይህ ትልቅ ሲሳይ ነው። ሕመም ምስጢር ነው፣ ኮንሴሲዮን፣ ማለት እንዲህ ያለው ፈቃድ፣ ግን አይደበቅም። በብዙ ቋንቋ ይጻፋል፣ በየሌጋሲዮኑ ይገለበጣል፣ ባላንጣ ሁሉ ስለ ተቀባዩ ማንነት ወደ አገሩ ሪፖርት ይልካል። ስለ ቪታልየን ጠባይ፣ ገቢና ወዳጆች የሚፈልግ ሰው ፓሪስ አጠገብ ላ ኩርኔቭ ባለው የፈረንሳይ ውጭ ጉዳይ ቤተ መዛግብትና ለንደን ባለው የእንግሊዝ ቤተ መዛግብት የባቡሩን ፋይል ነው የሚከፍተው። የጤናው ፋይል ሁለተኛ ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ፣ ወመዘክር አለ። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1990 እ.ኤ.አ. ያወጡት የኢትዮጵያ የሕክምና ታሪክ መጽሐፍም የውጭ ሐኪሞቹን ተርታ ለመያዝ ይረዳል።

አጎት፦ የምኒልክስ ሕመም? እሱ እንደ ምስጢር አልቀረም፤ አገር ሁሉ ያወራው ነው።

ተማሪ፦ ልክ ነው፣ እዚያ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። የአልጋ ወራሹ ጉዳይ ከሕመሙ ጋር ስለተያያዘ የሐኪሞቹ ቃል የፖለቲካ ዕቃ ሆነ። በጥቅምት 1902 ዓ.ም. ምኒልክን ከባድ ስትሮክ መታቸው፤ እስከ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. በሕይወት ቢቆዩም መንግሥት መምራት አልቻሉም። ከስትሮኩ ጥቂት ቀደም ብሎ የመጣው ጀርመናዊ ሐኪም ሽታይንኩለር ንጉሡ ተመርዘዋል ብሎ ነበር፤ ሌሎቹ ሐኪሞች አልተቀበሉትም። እያንዳንዱ ሌጋሲዮን የራሱን ሐኪም ማስገባት ይፈልጋል፣ ሐኪሙም የሚለው የላከውን ወገን አይጎዳም። ስለዚህ የዚያ ጊዜ የሕክምና ሪፖርት ሲነበብ ስለ በሽተኛው የሚለውን ያህል ስለ ጸሐፊው ይናገራል።

አጎት፦ መርዝና ስትሮክ ግን ለዓይን ይለያያሉ። ስትሮክ አንድ ጎን ነው የሚይዘው። አፍ ይጣመማል፣ እጅ ይከዳል፣ ምላስ ይተሳሰራል፤ መርዝ ጎን አይመርጥም። ያኔ አልጋው አጠገብ የቆመ አሽከር የትኛው እጃቸው ወደቀ ተብሎ ቢጠየቅ ከሐኪሙ የበለጠ ይመሰክር ነበር።

ተማሪ፦ ይህ ጥሩ መመዘኛ ነው ጋሼ። ያልተማረ ሰው ያየውን ምልክት የተማረው ሰው ከሰጠው የበሽታ ስም ለይቶ መያዝ። ምልክቱ ማስረጃ ነው፣ ስሙ ግን አስተያየት። ምኒልክ አካላቸው ሽባ እንደሆነና ንግግራቸው እንደጠፋ በብዙ ወገን የተመሰከረ ነው፤ የመርዙ ነገር ግን የአንድ ሰው ድምፅ ነው።

አጎት፦ ከሐኪሞቹ ውስጥ ራሱ ስለ ራሱ የጻፈ አንድም የለም?

ተማሪ፦ አሉ እንጂ፣ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ ከእንግሊዝ ጦር መኮንኖች እጅ የገቡ ሕፃን ናቸው። ሕንድ ሄደው አደጉ፣ ቻርልስ ማርቲን ተባሉ፣ ሕክምና ተማሩ፣ በበርማ ሠሩ። የአድዋን ድል ሰምተው መጡና በ1892 ዓ.ም. አካባቢ አዲስ አበባ ላይ ድንኳን ተክለው በሽተኛ ማየት ጀመሩ። ማንነታቸው ሲጣራ አያታቸው በእጅና በእግራቸው ላይ ባለው ጠባሳ ለዩአቸው። ቆይተውም በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪምነት ተመልሰው በምኒልክ ሕመም ጊዜ ከተጠሩት አንዱ ሆኑ። ዕለት ማስታወሻ የሚጽፉ ሰው ነበሩ፤ ፒተር ጋሬትሰን በ2012 እ.ኤ.አ. ያወጣው የሕይወት ታሪካቸው ከዚያ የተቀዳ ነው። እዚያ የሚገኘው የቤተ መንግሥት ሕክምና ከሌላ ቦታ አይገኝም፤ ማን ቀድሞ ተጠራ፣ ማን ደጅ ጠና የሚለው ሁሉ ከማስታወሻው ይወጣል።

አጎት፦ ጠባሳስ ቢሆን መዝገብ ነው። የልጅ ቃጠሎ ጠባሳ አብሮ ያድጋል እንጂ አይጠፋም። አሁን ወደ እኛ አገር አምጪው። ከእነዚህ የንጉሥ ሐኪሞች ጉራጌን የረገጠ የለም?

ተማሪ፦ ሌኦፖልዶ ትራቬርሲ አለ። ኢጣሊያዊ ሐኪም ነው፤ በአንኮበር አቅራቢያ ምኒልክ ለኢጣሊያ ጂኦግራፊ ማኅበር የሰጡት ልጥ ማረፊያ የሚባል ጣቢያ ነበር፣ እዚያ ተቀምጦ የሸዋን ቤተ መንግሥት ያክም ነበር። ሐኪምም ነው፣ የመንግሥቱ ወኪልም ነው፣ አገር አሳሽም ነው። ወደ አርሲና ወደ ጉራጌ ስላደረገው ጉዞ የጻፋቸው ደብዳቤዎች በማኅበሩ መጽሔት በ1887 እ.ኤ.አ. ታትመዋል። ጊዜው የቀቤናው ሐሰን ኢንጃሞ ከሸዋ ጦር ጋር የሚዋጉበት ነው። አሁን ወልቂጤ ያለችበት አገር ያኔ የጦር ሜዳ ነበር። ደብዳቤውን የሚያነብ ሰው እንግዲህ ስለ ተራራና ወንዝ ሲል ሐኪሙን ያገኘዋል።

አጎት፦ ከዚህስ ወደዚያ የሄደ የለም? እምድብር ዙሪያ የነበሩ ወጌሾች ስብራት ሲጠግኑ ሐኪም አፍ ያስከፍቱ ነበር። አንዱ ሸዋ ድረስ ተጠርቶ ይሆናል።

ተማሪ፦ እንዲህ ያለው ሰው በጽሑፍ ቢገባ እንኳ «አንድ ጉራጌ ወጌሻ» ተብሎ ነው፣ ስም አይኖረውም። የቃል ማስረጃ ሲሰበሰብ ደግሞ ሰውን መጠየቅ ብዙ አያስኬድም። ሕክምናው በምን ነበር ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

አጎት፦ በምን ነበርማ፣ በእንሰት ነዋ! ሁሉም እንሰት ግን አይሆንም። አስታራ አለ፣ ጓርየ አለ፤ ለስብራት የሚፈለጉት እነዚህ ናቸው። ወጌሻው አጥንቱን በእጁ ዳብሶ ያገናኘዋል፣ በቀርከሃ ያስረዋል። ከዚያ የእንሰቱ ሥር፣ አሚቾው፣ ተቀቅሎ በወተት ለበሽተኛው ይሰጣል። አስታራ በጓሮዋ የሌላት ሴት ከጎረቤት ትለምናለች፤ ለስብራት ከሆነ ደግሞ አይከለከልም።

ተማሪ፦ እንሰቱን ማን ተከለው፣ ከማን ጓሮ መጣ ተብሎ ሲጠየቅ የቤተሰቡ ስም ይወጣል። ከዚያ ወጌሻው የማን አባት እንደነበረ ይደረስበታል።

አጎት፦ እንግዲያው ነገ ከአስታራው ጀምሪ፤ ከጓሮው ባለቤት ጋር እኔ አገናኝሻለሁ። የፈረንሳዩ ፋይል ለራስሽ ተይዞልሻል።